የሐረር ቤት ቀይ መደብና የግድግዳው ቀለማት

የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት በራሳቸው አጠራር ጌ ጋር ይባላል። ግድግዳው ከአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ ይሠራል፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ከመንገዱ የሚለየው ከፍ ያለ አጥርና አንድ የግቢ በር ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጁገል፣ ጠባብ መንገዶች የሚያልፍ ሰው ከዚህ ቤት የሚያየው ነገር ጥቂት ነው። ባለቤቱ ሀብቱን፣ የቤቱ ሴቶች የእጅ ሙያቸውን፣ ቤተሰቡ ለእንግዳ ያለውን አክብሮት የሚያሳዩት ወደ ውስጥ ለዘለቀ ሰው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችንና 102 የአውሊያ መታሰቢያ ስፍራዎችን ከጠቀሰ በኋላ፣ ከከተማዋ ባህላዊ ቅርስ ሁሉ ልቆ የሚታየው የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር መሆኑን አስፍሯል። ጥንታዊ መስጊዶችና የ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ባሉበት ከተማ ይህን ክብር የመኖሪያ ክፍል ማግኘቱ ሊያስገርም ይችላል። ቤቱን ገብቶ ላየ ግን ፍርዱ ትክክል ነው።

የዚህ ክፍል ታሪክ ከግማሽ በላይ የቀለም ታሪክ ነው። የክፍሉ ቅርጽ፣ የመደቦቹ ብዛትና የአቀማመጡ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ሳይናወጥ ቆይቷል። በላዩ የሚቀባውና የሚሰቀለው ግን የንግድ መንገድ በተለወጠ፣ አዲስ ዕቃ በገባ፣ አዲስ ሙሽራ በመጣች ቁጥር ሲታደስ ኖሯል። አንዱ ለሌላው ቦታ ስለሰጠ ቤቱ አርጅቶም አዲስ መስሎ መኖር ችሏል።

ዋናው ክፍል ጊድር ጋር ይባላል። ከበሩ ገባ ሲሉ ወለሉ ዝቅ ይልና ዙሪያውን በተለያየ ከፍታ የተሠሩ አምስት መደቦች ይታያሉ። መደቡ በሐረሪ ነደባ ነው፤ እያንዳንዱም የየራሱ ስምና ማዕረግ አለው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ወይም በዕለቱ ከሁሉ የሚከበረው ሰው የሚቀመጥበት ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በሩን አሻግሮ ወደ ግቢው የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል። ጊድር ነደባ ሰፊው መደብ ሲሆን ብዙ እንግዳ የሚያስተናግደው እርሱ ነው። ጢት ነደባ አነስና ዝቅ ያለ ነው። ሱትሪ ነደባ ከዓይን ሸሸግ ብሎ የተሠራ ነው፤ አምስተኛው መደብ ከበሩ ጀርባ ይገኛል። ማን የት እንደሚቀመጥ ዕድሜ፣ ዕውቀትና ዝምድና ስለሚወስኑት፣ ወጉን የሚያውቅ ሰው ቦታውን ማንም ሳይነግረው ይይዛል። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ብዙውን ጊዜ 11 መደርደሪያዎች ተቦርቡረው ይገኛሉ፤ ቁርዓንና ኪታቦች፣ ሲኒና ጌጣጌጥ የሚቀመጡት በእነዚህ ነው። ከጊድር ጋር ጎን ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። አዲስ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ቀናት የሚያሳልፉት በእርሷ ውስጥ እንደነበር ይነገራል። ብዙ ጊዜ ከበሩ በላይ አግድም የተሠራ እንጨት ይኖራል፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ በላዩ ከታየ ቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለው ያመለክታል ይባላል። በዚህ ቤት ምንጣፍ እንኳ ከመነጠፉ በፊት ይናገራል።

ደማቅ ቀለም በዚህ ክፍል ውስጥ ለምን እንደተፈለገ ለመረዳት ብርሃኑን ማሰብ ያስፈልጋል። የድሮው ጊድር ጋር ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው በበሩ ነው። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ይመክታል፤ የቤተሰቡንም ገመና ይሸፍናል፤ ነገር ግን ክፍሉን ያጨልመዋል። በእንዲህ ያለ ክፍል ለስላሳና ደብዘዝ ያለ ቀለም ከጥላው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። በበሩ የገባውን ጥቂት ብርሃን ይዞ የሚመልሰው በኖራ የነጣ ግድግዳ፣ ከታች የተንጣለለ ቀይ መደብ፣ ከላይ ደግሞ ቀለሙ የጠነከረ የስፌት ዕቃ ነው። የሐረር ሴቶች ይህን የደረሱበት ለትውልዶች በዚያ ክፍል ውስጥ በመኖር ነው።

ከሁሉም ቀለማት የማይለወጠው ቀዩ ነው። ወለሉና የመደቦቹ ገጽ በቀይ አፈር ይለቀለቃሉ። አፈሩ ተወቅጦና ተነፍቶ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ በእጅ ወይም በጨርቅ እየተዳሰሰ ይቀባል። ሰው ስለሚረግጠውና ስለሚቀመጥበት ቀስ በቀስ ይላጣል፤ ስለዚህ ረመዳን ሲቃረብ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ እንግዳ ሲጠበቅ እንደገና ይለቀለቃል። ለቅለቃው የሴቶች ሥራ ነው፤ ቤቱ በየጊዜው አዲስ የሚሆነውም በእነርሱ እጅ ነው። አፈሩን ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ዝገት ነው። ይህ ቀለም እንደ ዕፅዋት ቀለም በፀሐይ አይለቅም፤ ከእርጥበትም ከጊዜም ጋር ይስማማል። በዓለም ላይ የሰው ልጅ ዋሻና መቃብር ያቀለመበት ከሁሉ የቆየ ቀለም ይኸው ቀይ አፈር መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። የሐረር መደብም ለዘመናት አንድ ዓይነት መልክ ይዞ የቆየው ጽኑውን ቀለም ለጽኑው የቤት ክፍል ስለሰጡት ነው።

በሐረር ይህ ቀይ ሌላም ትርጉም ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር ጨለንቆ ላይ ገጠሙ። ውጊያው አጭር ነበር፤ የአሚሩ ጦር ተሸነፈ፤ ብዙ ሐረሪዎችም ወደቁ። እ.ኤ.አ. ከ1647 ጀምሮ በዓሊ ኢብን ዳውድ ዘር ስትገዛ የኖረችውና ከ1875 እስከ 1885 በግብፆች ተይዛ ከነበረበት ጊዜ በቀር በራሷ የቆመችው ከተማ በዚህ ጦርነት ነፃነቷን አጣች። ከዚያ ወዲህ የመደቡ ቀይ በጨለንቆ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው እየተባለ ለልጆች ይነገራል። ቀይ አፈር በሐረር ዙሪያ ሞልቶ የሚገኝ የግንባታ ዕቃ በመሆኑ ልማዱ ከትርጉሙ ቀድሞ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን የትርጉሙን ክብደት አይቀንሰውም። ሐውልት ሊያቆም ያልቻለ ሕዝብ ሐዘኑን በየቀኑ በሚቀመጥበት መደብ ላይ አኖረ፤ በየበዓሉ መደቡን የምትለቀልቅ ሴትም መታሰቢያውን ታድሳለች።

ነጩ ቀለም በአንጻሩ በውጭው ግድግዳ ላይ የሥልጣን ምልክት ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ያየውን ሲጽፍ፣ የአሚሩ መኖሪያ መስኮት የሌለው ረጅም የድንጋይና የቀላ ጭቃ ቤት እንደነበር፣ ከሌላው የሚለየውም በበሩ ላይ የተቀባው ስስ ኖራ ብቻ እንደነበር ገልጿል። ቤቱን በኖራ መለሰን የሚፈቀደው ለአሚሩና ለወዚሩ ብቻ ነው ሲልም ጽፏል። በርተን ለከተማዋ ሰዎች የነበረው ንቀት በመጽሐፉ ገጾች ሁሉ ስለሚታይ ጽሑፉ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ስለ ኖራው የሰጠው ምስክርነት ግን ዋጋ ያለው ነው። ዛሬ በጁገል መንገዶች ላይ የሚታየው ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ግድግዳ ጥንታዊ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአሚሮቹ ዘመን የከተማዋ ውጫዊ መልክ የድንጋይና የጭቃ መልክ ነበር። ቀለም የነበረው በቤት ውስጥና በሴቶች ልብስ ላይ ነው። በርተን ራሱ የሐረር ሴቶች ቡናማ ወይም በኒል የተነከረ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ እንደሚለብሱ፣ በደረታቸውና በጀርባቸው ላይ ጫፉ ወደታች የዞረ ደማቅ ቀይ ሦስት ማዕዘን እንደሚታይ መዝግቧል። በጨለመ መሬት ላይ የደመቀ ቀይ ማሳረፍ የሐረር ሴቶች በልብሳቸውም በቤታቸውም የሚወዱት ነገር ነበር ማለት ነው።

የቤቱን ግድግዳ የሚሞላው የሴቶች ስፌት ነው። የሐረር ስፌት አሠራሩ ከደጋው መሶብና ሌማት ጋር ዝምድና አለው፦ የሣር እሽግ እየተጠማዘዘ ይዞራል፤ በዙሪያውም የተቀለመው ሣር፣ አለላው፣ በወስፌ እየተወጋ ይጠለፋል። ልዩ የሚያደርገው የጥልፉ ረቂቅነት፣ ማለትም የመርፌ ሥራ እስኪመስል ድረስ መጠጋጋቱ ነው። ልጃገረዶች በአንድ ቤት ተሰብስበው ከታላላቆቻቸው ሥር ቁጭ ብለው ይማሩት ነበር። ሙያው የተማረች ሴት መለያ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ግድግዳዋን የሚሸፍን ስፌት ይዛ መሄድ ይጠበቅባት ነበር፤ ዘመድና ጓደኛም ያግዛታል። ሳህን መሰሉ፣ ክዳን ያለው ሙዳይ፣ እንደ ሹል ቆብ የረዘመ ክዳን የሚደፋባቸው አፍላላዎች፣ ለአማት የሚበረከተው ሥራ ሁሉም የየራሳቸው ስምና የየራሳቸው ቦታ አላቸው። በግድግዳው ላይ ሲሰቀሉ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው፣ መጠናቸውና ንድፋቸው እየተመዛዘነ ይደረደራሉ። ቦታውን የሳተ ስፌት ወዲያው ለዓይን ይከብዳል። እንግዳ ሆኖ ለሚያየው ሰው የተትረፈረፈ የሚመስለው ግድግዳ በእርግጥ ጥብቅ ሥርዓት ያለው ነው፤ ያ ሁሉ ቀለም ክፍሉን ሳያጨናንቀው የሚቀመጠውም በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው።

የአለላው ቀለም ታሪክ የቤቱ እድሳት ዋና ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም እስካወጣበት ጊዜ ድረስ የዓለም ማቅለሚያ በአብዛኛው ከዕፅዋት፣ ከነፍሳትና ከማዕድን ይገኝ ነበር። የሐረር ሰፊዎችም ከዚሁ ውጭ ምርጫ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ በፋብሪካ የተሠራው የቀለም ዱቄት ከኤደንና ከዘይላ ወደቦች ጋር በተያያዘው ንግድ፣ በኋላም በባቡር መስመር በኩል ወደ ሐረር ገበያ ገባ። ዱቄቱ ርካሽ ነው፤ በፈላ ውሃ በቶሎ ይነከርበታል፤ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማና ደማቅ አረንጓዴ የመሳሰሉ ቀደም ሲል በቀላሉ የማይገኙ ቀለሞችንም ይሰጣል። ሰፊዎቹ ይህን አዲስ ቀለም ተቀብለው በአሮጌው ንድፍ ውስጥ አስገቡት። ሦስት ማዕዘኑ፣ ኮከቡ፣ ክብ ረድፉ እንዳለ ቀረ፤ በመካከሉ የሚሮጠው ቀለም ተለወጠ። የፋብሪካው ቀለም አንድ ድክመት አለበት፦ ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል። የጨለማው ጊድር ጋር በዚህ ረገድ ጥሩ ጠባቂ ሆነ። ቢሆንም በየትውልዱ አሮጌው ስፌት ሲደበዝዝ አዲስ ሙሽራ የራሷን ዘመን ቀለም ይዛ ትመጣለች፤ የአንድ ቤት ግድግዳም የአያትን ቡናማና ጥቁር ከልጅ ልጅ ሐምራዊ ጎን ያሳያል።

ከስፌቱ ቀጥሎ ግድግዳውን የተካፈለው የውጭ አገር ሳህን ነው። ቀድሞ ከእንጨት የተቀረጹ ገበታዎች ይሰቀሉበት በነበረው ቦታ በኢናሜል የተለበጡ የብረት ሳህኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች ገቡ። አበባ የተሳለባቸው፣ ጠርዛቸው በቀይ ወይም በሰማያዊ የተከበበ፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። ዕቃው የተሠራው ለማዕድ ቢሆንም በሐረር ወደ ግድግዳ ወጣ፤ እንደ ስፌቱም ጥንድ ጥንድ ሆኖ በመጠን ተደረደረ። አንዳንድ ጎብኚ ይህን ሲያይ ባህሉ እንደተበረዘ ይቆጥረዋል። ይህ አስተያየት ሚዛን የለውም። የኢናሜሉ ገጽ ብርሃን ይመልሳል፣ ቀለሙ አይለቅም፣ በውሃ ይታጠባል፤ ለጨለማ ክፍል ከዚህ የተሻለ ጌጥ ማግኘት ይከብዳል። የሐረር ሴቶች የሩቅ ፋብሪካ ዕቃ ወስደው ለራሳቸው ሥርዓት አስገዝተውታል።

እ.ኤ.አ. ከ1887 በኋላ የከተማዋ የቤት ዓይነት ራሱ ሰፋ። በአስተዳዳሪው በራስ መኮንን ዘመንና ከዚያ በኋላ ወደ ሐረር የመጡ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ባለ ፎቅ፣ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ግቢው የሚያይ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ሠሩ። የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘው ትልቅ ሕንፃ የዚህ ዓይነት ነው። ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 ባለው ጊዜ በሐረር እየተመላለሰ በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ቢሆንም፣ ሕንፃው የሕንዳዊ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶቹና ሥዕል ያለበት ጣሪያው ዛሬም ይታያሉ። ለሐረር አዲስ የነበረው ቀለምን በመስኮት በኩል፣ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ማስገባቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሐረሪውን መደብና የሕንዱን ሰገነት ያጣመሩ ቤቶች ተሠሩ። የባቡሩ መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ የተቆረቆረችበት ሥፍራ ሲደርስ የንግዱ እምብርት ወደዚያ ተሳበ፤ ሐረር በገቢ ብትጎዳም ጨርቅ፣ ሳህንና ቀለም ከቅርብ ማግኘቷ አልቀረም። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው፤ የመደብ ትራስና የመጋረጃ ጨርቅ ቀለምም ከዚያው ጋር በዘመኑ ተለዋወጠ።

የውጭው ግድግዳ ቀለም የተከተለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የአሚሮቹ ሥልጣን ሲያከትም በኖራ ላይ የነበረው ገደብም አብሮ ሳይቀር አይቀርም። ኖራ ውስጥ የቀለም ዱቄት መጨመር ቀላል ነው፤ የተቀባው ግድግዳም በየዓመቱ በጥቂት ወጪ ይታደሳል። በዓላት ሲቃረቡ ጎረቤት ከጎረቤት እየተያየ አጥሩን መቀባት ልማድ ሆነ። ሰማያዊው ከሐምራዊው፣ አረንጓዴው ከቢጫው አጥር ለአጥር ተያይዞ የሚታየው የጁገል መንገድ፣ ለዘመናት በቤት ውስጥ ተደብቆ የኖረው የቀለም ፍቅር ወደ ደጅ የወጣበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል ሲከበርም፣ ደምቀው የለበሱ ሴቶችና ወጣቶች የሚያልፉት በእነዚህ የተቀቡ አጥሮች መካከል ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ቤቱን የነካው ነገር ከቀለም ያለፈ ነበር። ትርፍ ቤቶችን የወረሰው እ.ኤ.አ. የ1975 አዋጅ ቁጥር 47 የብዙ ቤቶችን ይዞታ ለወጠ። ወጉን የማያውቁ ተከራዮች የገቡባቸው ቤቶች ተከፋፈሉ፤ መደቦች ፈረሱ። ብዙ ሐረሪዎችም ወደ ሌላ ከተማና ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ ቶሮንቶ ብዙ ሐረሪዎች ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። መደብ ተሸክሞ መሰደድ አይቻልም፤ ስፌት ግን በሻንጣ ይሄዳል። በጁገል በቀሩት ቤቶች የአፈር ጣሪያው በቆርቆሮ፣ የጭቃው ልስን በሲሚንቶ፣ ቀይ አፈሩ በሚያብለጨልጭ ቀይ የዘይት ቀለም እየተተካ መጣ። የዘይት ቀለሙ ለባለቤቲቱ ብዙ ድካም ያስቀርላታል፤ በውሃ ይወለወላል፤ ዓመት ሙሉ አይላጥም። ለዚህ እርሷን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ጉዳቱ ያለው ከሥሩ ነው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ከመሬትና ከዝናብ እርጥበት ይስባል፤ የሳበውንም በገጹ በኩል ቀስ እያለ ይለቃል። ኖራና አፈር ይህን ያሳልፋሉ። የዘይት ቀለምና ሲሚንቶ ግን ገጹን ስለሚደፍኑት እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፤ ጭቃው ይላሽቃል፤ ልስኑ እየተነፋ ይረግፋል፤ ለዘመናት የቆመ ግድግዳም ከውስጥ ይዳከማል። ስለዚህ የሐረርን ቤት ለማቆየት ሲታሰብ ክርክሩ በቀለሙ ድምቀት ላይ መሆን የለበትም፤ ይህ ቤት ሁልጊዜም ደማቅ ነበር፤ ሐምራዊና ብርቱካናማንም ተቀብሎ ሐረሪ ሆኖ ቀርቷል። በጁገል ውስጥ ቤቱን በእንግዳ ማረፊያነት የሚያሰናዳም ሆነ የአያቱን ቤት ለማደስ ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ቀለሙን እንደ ወደደ ይምረጥ፤ መደቡን በቀይ አፈር፣ ግድግዳውን በኖራ ይቀባ፤ አምስቱን መደቦች ግን አያፍርስ።